ለድንኳኑ ሳንሰስት

ባለፈው ሰኔ የሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አጀንዳው ድንኳን ነው። አሮጌው ያፈሳል፣ አዲስ ይገዛ ተባለ። መዋጮው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጸደቀ። አንድም ሰው አልተነጫነጨም። ከጸሐፊው አጠገብ ስለተቀመጥኩ መዝገቡ ላይ ዓይኔን ጣል አደረግሁ። የሟች ስም፣ ቀን፣ ለቤተሰብ የተከፈለ ብር፣ ፊርማ። ሰውየው በምን እንደሞተ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምን ያደርግልናል ልጄ? ብሩ እንደሆን እኩል ነው።»

ወገኖቼ፣ ይህ የእሳቸው መልስ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ለመቅበር ገንዘብ አናጣም። ውጭ አገር ያላችሁትም ለአንድ ታማሚ ጎፈንድሚ ሲከፈት ሌሊቱን ሙሉ ሊንክ ስታጋሩ ታድራላችሁ። ደግ ሕዝብ ነን፣ አልክድም። «ግን ምንድነው እንዲህ የሚያሳምመን?» ለሚለው ጥያቄ ሲሆን ኪሳችን ይደርቃል።

የምክር ቤት ተወካያችን ሊያወያየን ሲመጣ ምን እንደምንጠይቅ አስታውሱ። ጤና ጣቢያ ይሠራልን፣ አምቡላንስ ይሰጠን። ሪባኑ ሲቆረጥ እናጨበጭባለን። ጥያቄው ክፋት የለውም። ያልጠየቅነው ወደ ጤና ጣቢያው የሚያመላልሰን በሽታ ከምን እንደሚመጣ ነው።

ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። ማዕድ ቤታቸው ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው፣ መስኮት የለውም። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራሉ። ሲጠፋ ደንበኛ አይጠብቅምና ማገዶ ያነዳሉ። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። አክንባሎውን ባነሱ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ትከሻቸው ያዞራሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ያስላሉ፣ ሊጡን ይቀዳሉ። ሳሉ ሲጠናባቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሽሮፕ ተሰጣቸው። ሽሮፑን እየጠጡ እዚያው ጭስ ውስጥ ገቡ። ዘንድሮ ይህ ሲሆን ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። «መድኃኒቱስ ጥሩ ነበር፣ ጭሱ ነው እንጂ» አሉኝ። ሐኪሙ ምን ያድርግ? መስኮት በመድኃኒት ማዘዣ አይጻፍ።

ባለሙያዎቹ ይህን «ጤናን የሚወስኑ ማህበራዊ ሁኔታዎች» ይሉታል። ስሙ ከበደ እንጂ ነገሩ ውሃው፣ ቤቱ፣ ጭሱ፣ ጫማው፣ የእናት ትምህርት ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 90 የሕዝብ ጤናን፣ ትምህርትን፣ ንጹሕ ውሃን፣ መኖሪያን፣ ምግብን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። በየመሥሪያ ቤቱ የበታተንናቸው በኋላ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 38ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ ነበሩ። አማራ ክልል 46፣ አዲስ አበባ 15። ይህን ልዩነት የሆስፒታል ብዛት ብቻ አያመጣውም።

«ጥናት ምን ይጠቅማል?» የምትሉኝ ወላይታን ተመልከቱ። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው እግሩ ያብጣል። ዝሆኔ ነው። ስንት ዘመን እርግማን ነው እያልን ከዚያ ቤት ልጅ አንድርም፣ አብረን ቡና አንጠጣም ብለን ኖረናል። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት አጥኚዎች በሽታው ምን ያህል እንደሚያስወጣ አሰሉ። ታማሚው ከሥራ ቀኖቹ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ያጣል። 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት በዚያ ዞን ብቻ በዓመት 16 ሚሊዮን ዶላር ይባክናል። መከላከያው ምን መሰላችሁ? ጫማ፣ ውሃ፣ ሳሙና። እርግማን የተባለው ነገር ሒሳብ ወጣለት። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው አገሪቱ ትኩረት ለተነፈጋቸው በሽታዎች ባወጣችው ዕቅድ ውስጥ ገባ።

አውቃለሁ፣ ስንቱ ጥናት ሼልፍ ላይ አቧራ ይጠጣል። ሆቴል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይቀርባል፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ይታደላል፣ አበል ይፈረማል፣ ያበቃል። (እኔም አንዱ ቦርሳ አለኝ፤ ጎበዝ ቦርሳ ነው።) ግን ባለቤቱ ማን ነበር? ከላይ የጠቀስኩት የ2008ቱ ጥናት እንኳ በአብዛኛው በውጭ እርዳታ የተሠራ ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ሲቆርጥ በብዙ አገሮች ይህን ጥናት ሲደግፍ የነበረው ፕሮግራም ቆመ። ልጆቻችን መቀንጨር አለመቀንጨራቸውን የሚቆጥርልን ሰው በሌላ አገር ምርጫ የሚመጣና የሚሄድ ሆነ ማለት ነው። አያሳፍርም?

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። የፌዴራሉ በጀት ከሐምሌ 1 በፊት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል። ከዚያ በፊት፣ ግንቦትም ሳይገባ፣ ተወካዮቻችንን እንጠይቅ። ምክር ቤቱ ራሱ የሚያዘው፣ ከራሳችን ግብር የሚከፈልበት አንድ ጥናት በጀት ይያዝለት። ወረዳ በወረዳ ምን እያሳመመን እንደሆነ ያጥና፣ ውሃውንም ቤቱንም ማዕድ ቤቱንም ይይ። ሲያልቅ በግልጽ ስብሰባ በምንሰማው ቋንቋ ይነበብ። ከዚያ የውሃው፣ የትምህርቱ፣ የከተማ ልማቱ ሚኒስትር ተጠርተው ይጠየቁ፤ የጤና ሚኒስትሩ ብቻውን አይቁም። ገንዘቡ ብዙ ነው እንዳትሉኝ። ድንኳኑን በግማሽ ሰዓት ያጸደቅነው እኛ ነን።

የዕድሩን ነገር ከጠየቃችሁኝ፣ «የሞት ምክንያት» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር ብዬ ነበር። ለመስከረም ተላልፏል።

ለመሆኑ የተወካያችሁን ስም ታውቃላችሁ? እኔም ይህን ልጽፍ ስነሳ ነው ሰው ጠይቄ ያወቅኩት።