ጠመንጃችሁ ወደ ማን ዞሯል?

ወገኖቼ፣ «መንግሥት የሚፈራው የታጠቀ ሕዝብን ብቻ ነው» እያላችሁ በሬ ሸጣችሁ ክላሽ የምትገዙ ሁሉ፣ የምላችሁን በትዕግሥት ስሙኝ። አባባላችሁ መሠረት የለውም አልልም። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ «ርስቴ ሊለካብኝ፣ ብሎም ሊነጠቅብኝ ነው» ብሎ ሠጋና አልገብርም አለ፤ ገማቾቹንም አባረረ። መንግሥት ጦር አዘመተበት፣ በአውሮፕላንም ደበደበው። ይሁንና በስተመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የተወዘፈውም ግብር ተማረ።

ይህን ታሪክ ስትጠቅሱ ግን ግማሹን ትታችሁ ነው። ያ ገበሬ ተወካዮቹን አዲስ አበባ ድረስ ልኮ ደጅ ጠንቷል፤ በየአካባቢው ተሰብስቦ መክሯል፣ አለቃውን መርጧል፣ የሚጠይቀውንም ለይቶ ያውቅ ነበር። ጠመንጃው ለጉባኤው ያደረ ነበር።

የእኛስ ጠመንጃ ለማን አደረ? አጎቴ ሁለቱን የእርሻ በሬዎቹን ሸጦ ክላሽ ሲገዛ «ከእንግዲህ ማንም አይደፍረኝም» ብሎ ምሰሶው ላይ ሰቀለው። ሦስት ዓመት ሙሉ የደፈረው ሹም አልነበረም። ጥይቱ የወጣው በወሰን ጠብ ነው፤ የወደቀውም በየክረምቱ ወንፈል አብሮት የሚወጣ ጎረቤቱ ነው። ዛሬ አጎቴ ጫካ ገብቷል፣ ማሳው ጦም አድሯል፣ ልጆቹም ደም መላሽ ፈርተው ገበያ አይወጡም። በየቀበሌያችሁ እንዲህ ያለ ቤት እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ።

በሕግ በኩልም ራሳችሁን አታታልሉ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም የሚሰርዘውም ልትገቱት የምትሹት መንግሥት ራሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ መሣሪያ የመታጠቅን መብት አላወቀም። በአንቀጽ 30 ግን ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው ይላል። ይህ መብት በተግባር ስንት ጊዜ እንደተረገጠ አልዘነጋሁም፤ የተረገጠውን መብት ለማስከበር ግን አብሮ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፣ እርስ በርስ የተፈራራ መንደር ደግሞ አብሮ መቆም አይችልም። ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ የማዳበሪያው ነገር ሲነሣ፣ ከመካከላችሁ ክላሹን ቤቱ ትቶ የመጣና እጁን አውጥቶ የጠየቀ ማን ነበር?