«ከነባለቤቱ» የምትባለው ድምፃዊት

አዳማ ውስጥ የባህል ምሽት ቤቶች በር ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? የማሲንቆ ተጫዋቹ ስም በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። ፎቶውም አለ፣ ማሲንቆውን አቅፎ። ከጎኑ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች ሴት ትታያለች። ከሥሯ «ከነባለቤቱ» ይላል። አለቀ። እስከ እኩለ ሌሊት የምትዘፍነው ግን እሷ ናት።

ነገሩ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ለእኔ አይደለም። የአዝማሪ ጨዋታ ባልና ሚስት አብረው የሚያቆሙት ሥራ ነው። እኛ ግን ስሙንም ክፍያውንም ለአንዱ ሰጥተን ሌላዋን እንደ አጃቢ እናያታለን። ሁለት ባለሙያ ናቸውና እንደ ሁለት ባለሙያ ይቆጠሩ ነው የምለው።

ትዳሩ ከየት እንደመጣ እናንሳ መጀመሪያ። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ የአዝማሪ ሙያ ከቤተሰብ የሚወረስ ነው። ልጁ ከአባቱ ወይ ከአጎቱ ሥር ሆኖ ማሲንቆ ይማራል። ልጅቷ ከእናቷ ዜማና ግጥም ትቀስማለች። ሌላው ሰው ደግሞ አዝማሪን ለሠርጉ ይጠራዋል እንጂ ልጁን አይድርለትም ነበር። ስለዚህ አዝማሪ ከአዝማሪ ቤት ያገባል። በዚህ ምክንያት ትዳሩ ራሱ የሥራ ውል ሆኖ ኖረ። ዛሬ «አዝማሪ» መባልን የማይወዱ፣ «የባህል ድምፃዊ» በሉን የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ያሳለፉትን ንቀት ላሰበ ሰው አይፈረድባቸውም። የሥራው አሠራር ግን ብዙም አልተቀየረም።

አዳማ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ያድርባታል። ለወርክሾፕ የመጣ የመንግሥትና የኤንጂኦ ሠራተኛ አበሉን ይዞ ማታ ይወጣል። የፍጥነት መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜን ሶደሬ ውሎ እዚህ ያመሻል። ከየቦታው የመጣ፣ የማይተዋወቅ ሰው አንድ ቤት ይሞላል። ለአዝማሪ ይሄ በረከትም ፈተናም ነው። አገር ቤት ቢሆን የማንን አባት ጀግንነት እንደሚያነሳ፣ የማንን ቂም እንደማይነካ ያውቃል። እዚህ ግን ፊቱ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ በምን ያውቃል?

በሚስቱ ነው የሚያውቀው።

አንድ አርብ ማታ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ቤት ተቀምጬ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ባልየው ማሲንቆውን እየቃኘ ነው። ሚስትየው ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ትዞራለች። ለሚያያት ሰላምታ ብቻ ነው። ጥግ ላይ ወደተቀመጠ ወፈር ያለ ሰውዬ ጠጋ አለች።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። ከየት ነው?»

«ከመንገድ ነው እባክሽ፣ ከጅቡቲ።»

«እሰይ፣ እንኳን በሰላም ገቡ። መኪናውስ ደህና ነው?»

ሳቀ። አብረውት ያሉትም ሳቁ። እሷም ሳቀችና ወደ ባሏ ተመልሳ ጆሮው ሥር ሁለት ሦስት ቃል ጣል አደረገች። ሌላው ቢሰማውም አይገባውም። አዝማሪዎች የራሳቸው የምሥጢር መግባቢያ አላቸው፤ ቮልፍ ሌስላው የተባለው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ከ70 ዓመት በፊት ገደማ አጥንቶ ጽፎበታል። ማን እጁ እንደሚፈታ፣ ማን እንደሰከረ፣ ማን መነካት እንደሌለበት ሰው ፊት በዚያ ይነጋገራሉ። ትንሽ ቆይቶ ባልየው ማሲንቆውን ሳብ ሳብ አድርጎ እንዲህ አለ፤

ከጅቡቲ ወጥቶ አዳማ ያደረ፣
መሪ ብቻ ይዞ ስንት ቤት አኖረ!

ሹፌሩ መጀመሪያ ደረቱን ነፋ። ቤተሰብ አስተዳዳሪ ተብሏላ! ቀጥሎ ጓደኞቹ ለምን ሆዳቸውን ይዘው እንደሚስቁ ገባው፤ በየከተማው ስንት ጎጆ አለህ እየተባለ ነው። እየሳቀ ተነስቶ ባለ ሁለት መቶ ብር ግንባሯ ላይ ለጠፈላት። ጭብጨባው ግን ለባልየው ነበር።

ግጥሙን ያወጣው እሱ ነው፣ አልክድም። ሹፌር መሆኑን ያወቀችው፣ ከየት እንደመጣ የጠየቀችው፣ «ይሄ ሰው ቀልድ ይችላል» ብላ የገመተችው ግን እሷ ናት። ግምቷ ቢስት ጠብ ነው። መጠጥ የቀማመሰ የማያውቁትን ሰው በሰምና ወርቅ መንካት የዋዛ አይደለም። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ሲያቀብልም በጫጫታው መሐል ቃሉን ለቅማ ለባሏ የምታደርሰው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። በከንፈሯ እንቅስቃሴ ብቻ።

ወደ ዜማው ስንመጣ ደግሞ ማሲንቆው የሚቃኘው በእሷ ድምፅ ልክ ነው። መሣሪያው ያለው አንድ ክር ነው፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ድምፅዋ ሻክሮ ያመሸ እንደሆነ መቃኛውን ላላ ያደርግላታል። ደህና ከሆነች ይወጥረዋል። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ስትሻገር ምልክት የምትሰጠው እሷ ናት፤ እሱ ይከተላታል። አንድ ጊዜ ሚስቱ አሟት ሌላ ድምፃዊት የተተካችለት ጎበዝ ማሲንቆ መቺ አይቻለሁ። እሷ ስትጀምር እሱ ገና ነው፣ እሱ ሲደርስ እሷ ዘግታለች። ሁለቱም ጥሩ ባለሙያዎች ናቸው፣ ግን አልተገናኙም። አዳማ ላይ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ መዝፈን የማይችል ጥንድ ብዙ አይቆይም፤ ጉራግኛውም ትግርኛውም ይጠየቃል። አዲስ ዘፈን ሲመጣ ቃሉን ከነለዛው የምታጠናውና የምትይዘው ድምፃዊቷ ናት።

እስቲ ከባህል ሙዚቃችን በስም የምናስታውሳቸውን ሴቶች እናስብ። ሜሪ አርምዴ። አስናቀች ወርቁ። ሁለቱም ክራራቸውን ራሳቸው ታቅፈው የተጫወቱ ናቸው። አስናቀች በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ የተለቀሰላት በገዛ ስሟ ነው። መሣሪያው በእጃቸው ስለነበረ «የማን ባለቤት ናት?» ብሎ መተዋወቅ አላስፈለገም። ማሲንቆ ግን በልማድ የወንድ ነው። አሁን አሁን የሚማሩት ወጣት ሴቶች አሉ፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። እስከዚያው ከማሲንቆ ጎን የምትቆመው ሴት ስሟን የሚይዝላት የለም።

ከዚህ ለየት ያለ የባልና ሚስት ዜማም አለን። ላሊበላዎችን ማለቴ ነው፣ ሀሚና የሚሏቸውም አሉ። ገና ሳይነጋ ደጅ ቆመው ያዜማሉ። መሣሪያ የላቸውም። ብዙ ጊዜ ወንድና ሴት ሆነው ነው የሚመጡት። እሱ የቤቱን ባለቤት ስም እያነሳ ግጥሙን ያወርዳል፣ እሷ ዜማውን ትይዛለች። ማዜሙን ከተውን ቁምጥና ይይዘናል ብለው ያምናሉ ሲባል ኖሯል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለማይ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ዜማቸው ጥናት አሳትማለች። እነሱ ጋ የሥራው ክፍፍል ደስ ይለኛል። በሩን የሚከፍተው ሰው ለሁለቱም ይሰጣል፣ ሁለቱም ይመርቁታል። «ላሊበላና ባለቤቱ መጡ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። (ስማቸውን የሚጠይቅም የለም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ሕጉስ ምን ይላል? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ የራሱን መብት ይሰጣል። ዘፋኝም ከዋኝ ነው፣ ማሲንቆ መቺም ከዋኝ ነው። ያልተቀዳ ክዋኔን ለመቅዳትም ሆነ ለማሰራጨት የከዋኙ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መብቱ ለ50 ዓመት ይቆያል። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በቁጥር 872 ሲሻሻል የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ የሚሰበሰብበት መንገድ ተካቶበታል። በወረቀት ላይ እንግዲህ ሚስትየው ራሷን የቻለች ባለመብት ናት። መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው። እንግዳው ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል፣ ሌሊቱን ቲክቶክ ላይ ይጭነዋል፣ ከሥር የባልየውን ስም ይጽፋል። ከስቱዲዮ የሚመጣ ሰው ካለም የሚዋዋለው ከባልየው ጋር ነው። ሚስትየው ስትቀረፅ ትዘፍናለች፣ ስትፈርም ግን አላየሁም።

የምሽት ቤት ባለቤቶች ይሄን ስታነሱባቸው ዝግጁ መልስ አላቸው። «ገንዘቡ የሚገባው አንድ ቤት ነው። ለማን ቢሰጥ ምን ለውጥ አለው?» መልሳቸው የሚናቅ አይደለም፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ በሕግም የጋራ ነው። ግን ገንዘብ ይካፈላል እንጂ ስም እንዴት ይካፈላል? ትዳሩ ቢፈርስ እሱ ማሲንቆውን ይዞ በማግስቱ ሥራ ይገባል። ስሙ ይታወቃል፣ ስልኩ ይታወቃል። እሷ ሃያ ዓመት የዘፈነችበት ከተማ ውስጥ ከዜሮ ትጀምራለች። ማስታወቂያውን እንኳ መቀየር አያስፈልግም። አዲስ ሚስት ካመጣ «ከነባለቤቱ» ያው «ከነባለቤቱ» ነው።

ደግሞ አሁን ነገሩን ያባባሰ አንድ ነገር መጥቷል፣ ቴሌብር። ድሮ ሽልማቱ ጥሬ ብር ነበር። ግንባሯ ላይ ይለጠፋል፣ ቆጥራ የምትይዘው እሷ ናት። ስንት እንደተገኘ ከማንም በፊት ታውቃለች፣ ከምሽት ቤቱ ባለቤት ጋር ሲከራከሩም ቁጥሩ ከእጇ ነው። አሁን ግድግዳው ላይ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል። የማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። እኔ በማመሽባቸው ቤቶች የእሷን ቁጥር ለጥፎ ያየሁት የለም። ለሥራው ቅልጥፍና ጥሩ ነው፣ ብር የማይዝ ሰውም ይሸልማል። ግን በሞባይል የተላከው ሽልማት ሲገባ ጢን የሚለው የባልየው ኪስ ውስጥ ነው፣ እሷ መሐል ሜዳ እስክስታ ላይ እያለች።

ሁለት ቁጥር መለጠፍ ምን ይከብዳል? ማስታወቂያው ላይ የሁለቱን ስም በእኩል ፊደል መጻፍስ? ክፍያ ካለ ለየራሳቸው ማስፈረምስ? የምሽት ቤት ባለቤቶቹ የሚያወጡት ተጨማሪ ወጪ የለም። ቪዲዮ የምትጭኑም ብትሆኑ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከዚያ ስሟን ጠይቋትና ጻፉት።

ለጥር ሠርግ አዝማሪ የምትፈልጉ ሰዎች ደግሞ በቀጥታ ለእሷ ደውሉ። ዋጋ ላይ ግን ከባሏ ትጠነክራለች፣ ቅናሽ አገኛለሁ ብላችሁ እንዳትሄዱ።