ሠረገላው ንጹሕ ወርቅ አይደለም

ወንድሜ፣ «የእንግሊዝ ነገሥታት ለንግሥ የሚወጡበት ሠረገላ ከንጹሕ ወርቅ የተሠራ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው። ሠረገላው እንጨት ነው። ወርቁ ላዩ ላይ የተለበጠ ስስ ቅብ ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ 4 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ 8 ፈረሶች ቀስ እያሉ ነው የሚጎትቱት። ሁሉም ወርቅ ቢሆን ኖሮ ንቅንቅ አይልም ነበር!

ይልቅ ቅርጻ ቅርጹን ልብ ብለህ እየው። የተሠራው በፈረንጆች 1762 ለሣልሳዊ ጆርጅ ነው። ያኔ እንግሊዝ በሰባቱ ዓመት ጦርነት ፈረንሳይን በባሕር ላይ እያሸነፈች ነበር። ስለዚህ በአራቱም ማዕዘን የባሕር አማልክት ተቀረጹበት። የፊተኞቹ ሁለቱ ዛጎል እየነፉ የውቅያኖሱ ንጉሥ መምጣቱን ያውጃሉ። ጣሪያው ላይ ደግሞ ሦስት ሕፃናት ዘውድ ተሸክመዋል፤ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና አየርላንድ ናቸው። ፊደል ያልቆጠረ መንገደኛ እንኳ ማን ኃያል እንደሆነ ይገባዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው፤ ከወርቁ በላይ።

ምቾትም የለውም። ዳግማዊት ኤልሳቤጥ በ1953 ለንግሣቸው የተጓዙበትን ሲያስታውሱ «አስከፊ» ብለውታል። ሣልሳዊ ቻርልስም በ2023 ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሄዱት አየር ማቀዝቀዣ ባለው አዲስ ሠረገላ ነው። በዚህኛው የተሳፈሩት ሲመለሱ ብቻ ነው።