ማስተካከያ፦ የአባት ቡሽ ዕድሜና የፓራሹት ዝላይ

ብዙዎች የተጋሩት ጽሑፍ ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽን (አባትየውን) “ከአሜሪካ ፕሬዝዳንቶች ሁሉ ረጅም ዕድሜ የኖሩ” ይላቸዋል። ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ክብረ ወሰኑ የሳቸው ነበር። በመጋቢት 2019 ግን ጂሚ ካርተር በለጧቸው። ካርተር ያረፉት በ2024፣ 100 ዓመት ሞልቷቸው ነው።

ቡሽ በ90ኛ ልደታቸው በፓራሹት “ብቻቸውን ዘለሉ” የተባለውም ስህተት ነው። የወቅቱ የዜና ዘገባዎችና ቪዲዮዎች እንደሚያሳዩት ከባለሙያ ጋር ታስረው ነው የዘለሉት። ያኔ በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የሚንቀሳቀሱት፤ ድፍረቱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው!

የቀረው ልክ ነው። በ1944 አውሮፕላናቸው በጃፓኖች ተመትቶ በፓራሹት የተረፉ የባሕር ኃይል አብራሪ ነበሩ፤ ዓሣ ማጥመድና ፈጣን ጀልባም ይወዱ ነበር። ጽሑፉን ለጥያቄና መልስ ውድድር የተጠቀማችሁ፣ ረጅም ዕድሜ የኖሩት ፕሬዝዳንት ማን ናቸው ለሚለው መልሱን “ካርተር” በሉት።