72 ሰዓት እሁድ ነው ብሎ አይቆምም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ተደፍራ የመጣች ሴት ከፖሊስ ደብዳቤ ካልያዘች እንደማያስተናግዱ ያለ አንዳች ማመንታት ተናገሩ። ሕጉ እንደማይፈቅድላቸው፣ በሩ ከተከፈተም ከፍቅረኛዋ የተጣላች ሁሉ ተደፈርኩ እያለች እንደምትመጣ አስረዱ። ጠያቂው አመስግኖ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ትምጣ እንበል። መጥታ ምን ታገኛለች? ደሟ ተቀድቶ ለኤች አይ ቪ ይመረመራል። ከዚያ ቫይረሱ እንዳይዛት ለ28 ቀናት ሳያቋርጡ የሚዋጥ፣ ብዙዎችን የሚያቅለሸልሽና የሚያደክም ክኒን ይሰጣታል። ለአባላዘር በሽታዎች መድኃኒት፣ ለጉበት ቫይረስ ክትባት ይጨመርላታል። ይህን ለማግኘት ብላ በሰው ፊት ተደፍሬያለሁ የምትል ሴት የት አይተው ነው? በእኛ አገር ሴት ልጅ የደረሰባትን ደብቃ ትኖራለች እንጂ ያልደረሰባትን ለካርድ ክፍል ሠራተኛ አታወራም። ደግሞስ አንዷ ዋሽታ ብትመጣ ጤና ጣቢያው የሚያጣው የአንድ ወር ክኒን ነው። እውነቷን የመጣችው ስትመለስ ግን ዕድሜ ልኳን ከቫይረሱ ጋር ልትኖር ትችላለች። ሁለቱን መዝኖ ለክኒኑ ያዘነ ኃላፊ ሥራውን አያውቅም።

አንዲት የማውቃት ልጅ ዓርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከሥራ ስትመለስ ተደፈረች። ስሟንም ሰፈሯንም አልጽፍም። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ አብሬያት ነበርኩ፤ ገና 12ኛው ሰዓት ነው። ማታ ለብሳው የነበረውን ቀሚስ እንዳታጥበው ነግሬያት በወረቀት ከረጢት ይዘነዋል፤ ፌስታል እርጥበት አፍኖ ማስረጃ ያበላሻልና። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ከኋላችን ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል። ሠራተኛዋ ቀና ሳትል «ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ተጠግታ በሹክሹክታ ነገረቻት። «ምን? አልሰማሁም።» ሁለተኛውን ሰልፉ በሙሉ ሰማው። መልሱም «ከፖሊስ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» ሆነ። ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ ደግሞ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪዋ የምትገባው ሰኞ ነው ተባልን። ልጅቷ እጄን ይዛ «እትዬ፣ በቃ ወደ ቤት እንሂድ» አለችኝ።

ደብዳቤው ሰኞ ረፋድ ተጽፎ ማኅተም ተመታበት። የመጀመሪያዋን ክኒን የዋጠችው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። 65ኛው ሰዓት መሆኑ ነው። መድኃኒቱ የሚጀመረው ቢዘገይ እስከ 72 ሰዓት ድረስ ነው፤ በዘገየ ቁጥር ደግሞ የመከላከል አቅሙ እየደከመ ይሄዳል። 53 ሰዓት ለአንድ ማኅተም ተከፈለ ማለት ነው።

ሕግ ነው ይላሉ ኃላፊው። የትኛው ሕግ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ተደፍራ ያረገዘች ሴት ፅንሱን በሕክምና ተቋም እንድታቋርጥ ይፈቅዳል። አንቀጽ 552 ደግሞ እርግዝናው በመደፈር የመጣ ስለመሆኑ የሴትየዋ ቃል ብቻውን ይበቃል ይላል። የፖሊስ ደብዳቤ አይጠይቅም። የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠይቅም። ሕግ አውጪው በአገሪቱ እጅግ አከራካሪ በሆነው ጉዳይ ላይ እንኳ ሴትየዋን አምኗታል። ታዲያ ቃሏ ፅንስ ለማቋረጥ ከበቃ፣ እርግዝናው ሳይፈጠር ለሚዋጥ ክኒን እንዴት አይበቃም? ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሠራል፤ ቶሎ ሲዋጥ ይበልጥ ይሠራል። እርሳቸው ግን ዛሬ ቃልሽን አላምንም ብለው ይመልሷትና ከስድስት ሳምንት በኋላ አርግዛ ስትመጣ በዚያው በቃሏ ፅንሱን ሊያቋርጡላት ነው። በ12ኛው ሰዓት ውሸታም የነበረች ሴት በስድስተኛው ሳምንት በምን ታመነች? እስከዚያ ድረስ ያለፈችበትን ስቃይ የጨመረባት ማን ነው? የተጠቀሰውን ሕግ ከፍተው ያነበቡት አይመስለኝም። ቢያነቡት ኖሮ፣ በብርቱ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎቱን የሚነፍግን የሕክምና ባለሙያ ይኸው ሕግ እንደሚቀጣም ያገኙት ነበር።

እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርሷን በሥራ ላይ ሳለች ያገለገለ መርፌ ቢወጋትስ? ያው መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ እጇ ይገባል፤ እንዲያ መሆኑም ተገቢ ነው። የትኛው መርፌ፣ በማን እጅ፣ ምስክር አለሽ ወይ ብሎ ወደ ፖሊስ የሚልካት የለም። መድኃኒቱ አንድ፣ ቫይረሱ አንድ፣ ሰዓቱም አንድ ነው። የሚለየው መታመኑ ብቻ ነው።

ያ ስንት ሰዓት ያስጠበቀን ደብዳቤ ምን ይጠይቅ እንደነበርም ልናገር። ልጅቷ ድንግል መሆን አለመሆኗ ተመርምሮ እንዲገለጽ ይል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ይህ ምርመራ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጸው እንዲቆም ጠይቀዋል። የትኛውም ሐኪም ዓይቶ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ለማወቅ የተጎዳችን ልጅ ዳግም ማስተኛት ሌላ ጥቃት ነው።

ደብዳቤው ለክስ እንደሚያገለግል አልክድም። ሕፃን ስትሆንም ፖሊስ መጠራት አለበት። ይጠራ! እናቷ ተሸክማት ከጣቢያ ጣቢያ አትንከራተት። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተቋቋመው ለዚሁ ነው፤ ሐኪሙም የሥነ ልቦና ባለሙያውም መርማሪውም ዐቃቤ ሕጉም እሷ ወዳለችበት እንዲመጡ። የእኛ ከተማ አዲስ አበባ አይደለችም፤ እንዲህ ያለ ማዕከል ነገ ይሠራልን ብዬም አልጠብቅም። ግን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሆን ክኒን በድንገተኛ ክፍሉ ቁም ሣጥን ለማስቀመጥ፣ ለተረኛዋ ነርስ ቁልፉን ለመስጠት፣ ካርድ ክፍሉንም ምክንያቷን ሳትጠይቂ አስገቢያት ለማለት ሕንፃም በጀትም አያስፈልግም። የኃላፊው አንድ ማስታወሻ ይበቃል።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ነው። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው።