ገና የሚገበየው በኅዳር ነው

ከገና በፊት ያሉት ሦስት ቀናት ለሸማች ከዓመቱ ሁሉ የከፉ ቀናት ናቸው። ታኅሣሥ 26፣ 27 እና 28 ሾላም ይሁን ሳሪስ፣ አቃቂም ይሁን ካራ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ፈልጎ ይወጣል፦ ዶሮ፣ ዕንቁላል፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ በግ። ገዢው ባዶ እጁን ቤቱ መግባት እንደማይችል ሻጩ ያውቃል። ጠዋት የተጠራ ዋጋ ከሰዓት በኋላ አይደገምም። ዕቃውን አገላብጦ ለማየት፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ለመጠየቅ፣ ካልተስማማም ነገ ለመመለስ ጊዜ የለም።

የበዓል ወጪ ሲነሳ በየሚዲያው የሚሰጠው ምክር “ቀንሱ” የሚል ነው። ዶሮ ለለመደ ቤተሰብ በዓመት ጥቂት ጊዜ ከሚገጥመው ማዕድ ላይ ቀንስ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። በተለይ ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደመወዝተኛው በአዘቦት ቀን ከቀነሰው በላይ የሚቀንሰው የለውም። ሊቀነስ የሚችለው የጥድፊያው ዋጋ ነው። ለዚህ ደግሞ የቀን መቁጠሪያችን ራሱ መንገድ አዘጋጅቶልናል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ ታኅሣሥ 28 ያበቃል፤ 44 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ብዙ ቤት ሥጋ፣ ቅቤና ዕንቁላል አይገባም፤ ፈላጊ ሲያንስ ዋጋው ይረጋል፣ አንዳንዱም ይወርዳል። የገና ትክክለኛ የመገበያያ ወቅት ይሄ ነው።

ከቅቤ ልጀምር፤ ቀድሞ በመግዛት ብዙ የሚተርፈው በእሱ ላይ ነውና። ጾሙ ከገባ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል። ላም ግን አትጾምም፤ ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤውም ገበያ ይወጣል። ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ዋጋው እንደገና ይነሳል። በኅዳር መጨረሻ ገዝቶ ወዲያው አንጥሮ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃና አሬራ ስላለ ከአንድ ኪሎ ተነጥሮ የሚገኘው ከ750 እስከ 850 ግራም ገደማ ነው። ከ700 ግራም ከወረደ ሻጩ ውሃ ሸጦላችኋል ማለት ነው። ሲነጠር እሳቱ ለስላሳ ይሁን። የሚንጫጫው በውስጡ ያለው ውሃ ነው፤ ድምፁ ጸጥ ሲል፣ አረፋው ሲጠፋና ከታች ያለው ዝቃጭ ወርቃማ ሲሆን ይወርዳል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ፍጹም በደረቀ ዕቃ መክደን ነው። የተነጠረ ቅቤ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ማንኪያ ሲገባበት ነው፤ ካልገባበት ወራት ይቆያል።

ቀድሞ መግዛት ሌላም ጥቅም አለው፦ ለመፈተን ጊዜ ይሰጣል። ሙዝ ወይም ዱቄት የተቀላቀለበት ቅቤ ሲቀልጥ ባዕዱ ነገር ወደ ታች ይወርድና ያርራል፤ በአንድ ማንኪያ ይታወቃል። የረጋ የአትክልት ዘይት የተቀላቀለበት ግን እንደ ቅቤው ኩልል ብሎ ስለሚቀልጥ በዓይን አይለይም፤ የሚያጋልጠው የሽታው መሳሳት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ገዝቶ ቤት አንጥሮ መሞከር፣ ካማረ ተመልሶ ከዚያው ሻጭ የሚፈለገውን መውሰድ ይበጃል። ታኅሣሥ 28 ላይ ይህን ማድረግ የሚችል ማን አለ?

ማርና በርበሬም እንዲሁ ናቸው። ዋናው የማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስለሚውል ጠጅ የሚጥል ቤት ማሩን ያኔ መያዝ አለበት፤ ጠጁ ራሱም ለመብሰል ሳምንታት ይፈልጋል። በርበሬ ደግሞ ዛላውን ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ አስፈጭቶ ማኖር ከተፈጨው ይሻላል። የተፈጨ በርበሬ ውስጥ ምን እንደገባ ማወቅ ከባድ ነው።

ለአንድ ዶሮ ወጥ የሚያስፈልገውን ሳያሰሉ ገበያ መውጣት ትልቅ ብክነት ያመጣል። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ 12 ዕንቁላል ይገባበታል። ለዚህ ከ2 እስከ 2 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ገደማ በርበሬና ከ200 እስከ 250 ግራም የተነጠረ ቅቤ ይበቃል። ሁለት ዶሮ ለሚሠራ ቤት 5 ኪሎ ሽንኩርት በቂ ሆኖ ሳለ 10 ኪሎ ተገዝቶ ግማሹ ሲበቅልና ሲበሰብስ በየቤቱ የምናየው ነው። ሽንኩርት ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሊገዛ ይችላል፤ ፌስታል ውስጥ ግን መቆየት የለበትም። በቅርጫት ወይም በወንፊት ማዳበሪያ ሆኖ ነፋስ ባለበት፣ ከድንች ርቆ ይቀመጥ፤ ድንች እርጥበት እየሰጠ ያበቅለዋል። ማቀዝቀዣ ያለው ቁሌቱን ከሳምንት በፊት አብስሎ ማስቀመጥ ይችላል፤ ይህ ለእናቶች ከገንዘቡም በላይ የዋዜማውን ድካም ይቀንሳል። ዕንቁላልም ከ10 ቀን በፊት ቢገዛ ይመረጣል፦ ሳይታጠብ ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ አይበላሽም፣ ሰንበት ያለ ዕንቁላል ደግሞ ከትኩሱ ይልቅ ሲቀቀል ልጣጩ በቀላሉ ይላቀቃል።

የዶሮው ነገር ግን ይለያል። በሕይወት ያለ ዶሮ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ገዝቶ ግቢ ውስጥ ማሰር ቁጠባ አይደለም። ይበላል፣ ይከሳል። ከሁሉ የከፋው ፈንግል ነው፤ ከገበያ የመጣ አንድ የታመመ ዶሮ የግቢውን ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በፊት መግዛት ይበቃል። ዓይኑ የጠራ፣ አፍንጫው ደረቅ፣ ጅራቱ ሥር ያለው ላባ ያልቆሸሸ መሆኑን አይቶ፣ ደረቱን ዳብሶ አጥንቱ ስለት ያልሆነውን መምረጥ ነው።

አሁን ወደ ቅርጫው። ከቅርጫ የተሻለ የሥጋ መግዣ መንገድ በአገራችን የለም ብዬ አምናለሁ፤ ስሌት ሳይሠራ ሲገባበት ግን ከሥጋ ቤት ሊወደድ ይችላል። 300 ኪሎ የሚመዝን የአበሻ ሰንጋ ታርዶ፣ ተገፎና የሆድ ዕቃው ወጥቶ ከአጥንቱ ጋር የሚተርፈው የክብደቱ ግማሽ ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ135 እስከ 150 ኪሎ። ከዚህ ውስጥ አምስተኛው ወይም አራተኛው አጥንት ነው። ለ10 ሰው ሲከፈል ለአንድ መደብ ከአጥንቱ ጋር 14 ኪሎ ገደማ፣ ንጹሕ ሥጋው ደግሞ 11 ኪሎ ያህል ይደርሳል። ጉበት፣ ጨጓራና ምላስ ከዚህ ውጭ ናቸው። የሰንጋውን ዋጋ፣ የመኪናውን፣ የመኖውንና የአራጁን ደምሮ ለጠቅላላው ኪሎ ማካፈል፣ ከዚያ የሰፈሩን ሥጋ ቤት ዋጋ ጎን ማስቀመጥ ነው። ቆዳው ዋጋ በነበረው ዘመን የአራጁን ይችል ነበር፤ ዛሬ በእሱ ተማምኖ ሒሳብ መሥራት አይቻልም።

ክብደቱን ያለ ሚዛን መገመት ይቻላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ተይዞ ከፊት እግሮቹ ጀርባ የደረቱ ዙሪያ በሴንቲሜትር ይለካል፤ ቀጥሎ ከትከሻው ጫፍ እስከ ጭራው ሥር ርዝመቱ። የደረቱ ዙሪያ በራሱ ተባዝቶ በርዝመቱ ይባዛና ለ10,840 ይካፈላል። ዙሪያው 155፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 288 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ግምት ነው፣ አንድ አሥረኛ ያህል ሊዛነፍ ይችላል፤ ቢሆንም ደላላው “400 ኪሎ ነው” ሲል እጅ ላይ ያለ መልስ ይሆናል። በሆድ መታለል ደግሞ የተለመደ ነው። ከገበያው በፊት ጨው አስልሰው ብዙ ውሃ የሚያጠጡ ሻጮች አሉ፤ ሆዱ ተነፍቶ የሰባ ይመስላል። ሥጋ የሚታየው ወገቡ፣ ዳሌውና የጭራው ሥር ላይ ነው፤ እነዚህ ጎድጎድ ካሉ የተነፋ ሆድ ውሃ ነው።

ሰንጋውን ቀድሞ መግዛት ያዋጣል? ግቢ ካለ፣ አዎ፣ ግን ከ10 ቀን ባልበለጠ። 300 ኪሎ ሰንጋ በቀን ከ7 እስከ 9 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል፤ የ10 ቀኑ ወደ ኩንታል ይጠጋል። ግቢ የሌለው ቡድን ከሚያውቀው ሻጭ ጋር ዋጋ ቆርጦ፣ ቀብድ ከፍሎ፣ በምስክር ተፈራርሞ እዚያው እንዲቆይ ማድረግ ይችላል። ጥሬ ሥጋ ለሚቆርጥ ቡድን ደግሞ ቄራ ማሳረድን አጥብቄ እመክራለሁ። የኮሶ ዕጭ የሚገኘው ሠልጥኖ በሚመረምር ባለሙያ ነው፤ ክፍያው ለ10 ሲካፈል ቀላል ነው፣ ኋላ የሚመጣው ሕክምና ግን አይካፈልም።

ቅርጫ የገባ ቤት በግ አይጨምር። 25 ኪሎ በግ ከአጥንቱ ጋር ከ10 እስከ 11 ኪሎ ይወጣዋል፤ ከአንድ መደብ ጋር ሲደመር 25 ኪሎ ሥጋ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን ያህል ሥጋ ማቆየት አይቻልም። ይልቅ ከመደቡ ላይ ለበዓሉ ቀን 4 ወይም 5 ኪሎ አስቀርቶ፣ ከቀሪው ቀዩን ሥጋ ዘልዝሎ በጨው፣ በበርበሬና በቁንዶ በርበሬ አሽቶ ነፋስ ባለው ጥላ መስቀል ነው። ታኅሣሥ ደረቅ ስለሆነ ቋንጣ ይሳካል፤ በእንቁጣጣሽ እርጥበት ግን ይሸታል። ሲደርቅ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ያጣል፣ ጣዕሙና ዕድሜው ግን ይካሳል። ገና ላይ የተሰቀለው ለጥምቀት ይደርሳል፤ በመካከላቸው 12 ቀን ብቻ ነው ያለው።

ይህ ሁሉ ገንዘቡ ቀድሞ ካልተገኘ አይሆንም። ጉራጌዎች ለመስቀል ከወራት በፊት ወንዶቹ የሰንጋውን ገንዘብ፣ ሴቶቹ ቅቤውን በማኅበር ሲያጠራቅሙ ኖረዋል፤ ለገናም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። የመደቡ ድርሻ 12 ሺህ ብር ይሆናል ተብሎ ቢገመት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በሳምንት 1 ሺህ ብር ለ12 ሳምንት ማለት ነው። እቁብ ለዚህ አይመችም፤ ቀድሞ የደረሰው በጥቅምት ያጠፋዋል። ዕጣ ሳይወጣ ገንዘቡ ሁለት ሰው በሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። በዳኛው እጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ “ለሁለት ቀን” እየተባለ ይበደራል።

ደመወዝተኛ ሌላ ወጥመድ አለበት። ብዙ መሥሪያ ቤት ለበዓሉ ብሎ የታኅሣሥን ደመወዝ በ24 ገደማ ይከፍላል። ደግ ሐሳብ ነው፤ ግን ቀጣዩ ደመወዝ ጥር 30 ከሆነ 36 ቀን በአንድ ደመወዝ መኖር ነው፣ ጥምቀትም ከነልብሱ በዚያ ውስጥ ይገባል። ገንዘቡ እንደገባ የጥር ቤት ኪራይና የልጆች ትራንስፖርት መጀመሪያ ተነሥቶ ለብቻ ካልተቀመጠ ጥር 15 ላይ ብድር ይመጣል። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” የሚለው አባባል ሽሮ ሜዳ ላይ በጥር ብዙ ያስከፍላል፤ ሸማኔው ሥራ በሚቀንስበት በየካቲትና በመጋቢት ማሠራት፣ የልጆቹንም እጥፋቱን ሰፋ አድርጎ ማሰፋት ይሻላል።

ከሸማቹ አቅም በላይ የሆነም አለ። የሸማች ማኅበራት ሰንጋ፣ ዘይትና ዱቄት የሚያቀርቡት በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ሰልፉም ጥድፊያውም ያኔ ይመጣል። አባላቱ ጥቅምት ላይ ተመዝግበው በየወሩ እየከፈሉ ታኅሣሥ 15 የሚረከቡበት አሠራር ቢጀመር ማኅበራቱም ከገበሬው ቀድመው ይዋዋላሉ። ለሠራተኛ የበዓል ስጦታ የሚሰጡ ድርጅቶችም በዋዜማው ከመስጠት ይልቅ ገንዘቡን ኅዳር መጨረሻ ቢሰጡ ያው ብር የበለጠ ይገዛል። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭና ከዱባይ ለቤተሰብ የሚልኩ ወገኖችም እንዲሁ፦ ታኅሣሥ 27 የደረሰ ገንዘብ በጥድፊያው ዋጋ ነው የሚገዛበት፣ በኅዳር የደረሰው ግን ቅቤውንም፣ ማሩንም፣ የሰንጋውንም ቀብድ ይችላል።

ከጥምቀት በኋላ ሰፊው ዕድል ዐቢይ ጾም ነው፤ 55 ቀን ይረዝማል። የፋሲካ ቀን ግን ይዘዋወራል፦ በ2018 ሚያዝያ 4 ሲውል በ2019 ሚያዝያ 24 ነው። ስለዚህ የፋሲካው ማኅበር መዋጮ የሚቆጠረው ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ተሰልቶ ነው፤ ቅቤው ደግሞ በጾሙ አራተኛና አምስተኛ ሳምንት ይገዛ።