የማህደረ ትውስታ ገጽ የሚመደበው ሲጠየቅ ሳይሆን ሲነካ ነው

ስለ ሊኑክስ የማህደረ ትውስታ አመዳደብ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ ባለብዙ ኖድ ኮምፒውተሮች ላይ (ኖድ ማለት ፕሮሰሰርና ለእሱ የሚቀርበው ማህደረ ትውስታ በአንድነት ነው) ከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ማህደረ ትውስታን ለጠያቂው ፕሮሰሰር ከሚቀርበው ኖድ እንደሚሰጥ ይገልጻል። አባባሉ በመሠረቱ ትክክል ቢሆንም አንድ ወሳኝ ነጥብ አልፏል፤ ሊኑክስ በተለመደው አሠራሩ አንድን የማህደረ ትውስታ ገጽ (ማህደረ ትውስታው የሚከፋፈልበትን ትንሽ ቁራጭ) የሚመድበው ፕሮግራሙ ቦታ በጠየቀበት ጊዜ ሳይሆን አንድ ትሬድ (ፕሮግራሙ ሥራውን ጎን ለጎን ከሚያካሂድባቸው ክሮች አንዱ) ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካው ነው፤ ቦታ እስካለ ድረስም የሚመደበው ያ ትሬድ በዚያ ቅጽበት ከሚሠራበት ኖድ ነው።

የዚህን ልዩነት ክብደት የተረዳሁት ካዛንቺስ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ነው። ባለሁለት ፕሮሰሰር ሰርቨራችን ላይ ፕሮግራማችን ሲነሳ ቦታውን ሁሉ በዜሮ የሚሞላው አንድ ትሬድ ብቻ ስለነበር፣ ገጾቹ በሙሉ በአንደኛው ኖድ ተከማችተው፣ በሌላኛው ኖድ የሚሠሩት ትሬዶች መረጃ በፈለጉ ቁጥር ሁለቱን ፕሮሰሰሮች የሚያገናኘውን መስመር ለመሻገር ይገደዱ ነበር (ሱቅ ደጃፍ ላይ እያለ ለአንድ ኪሎ ስኳር መርካቶ እንደ መውረድ ማለት ነው)። ሙሌቱን ለሁሉም ትሬዶች ስናከፋፍል ፍጥነቱ ተስተካከለ።

እርግጥ ነው፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ማለትም ከሊኑክስ 3.8 ጀምሮ ከርነሉ ገጾችን ወደሚጠቀምባቸው ኖድ የሚያዛውር ማመጣጠኛ አለው። ይሁን እንጂ ማመጣጠኛው የገጾችን መዳረሻ በየጊዜው ሆን ብሎ እየዘጋ ማን እንደሚነካቸው የሚከታተል በመሆኑ ራሱም ጊዜ ይበላል። ሁለቱም ኖዶች እኩል ለሚጋሩት ትልቅ ዳታቤዝ፣ በእኔ እምነት፣ ገጾቹን በኖዶቹ ላይ በተራ ማደል ይሻላል።